በምስል ላይ ስለ ታተመ ብርሃን

አዳማ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን በስምንት ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ፣ በሰኔ ወር በቀትር ጊዜ በአደባባይዋ የቆመ ሰው ጥላው ወደ ደቡብ ሲወድቅ ያያል፤ ያው ሰው በታኅሣሥ ወር በዚያው ስፍራ በዚያው ሰዓት ቢቆም ጥላው ዞሮ ወደ ሰሜን ተዘርግቶ ያገኘዋል፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ ደግሞ ፀሐይ በአናቱ ትክክል ስለምታልፍ፣ ጥላው ከእግሩ ሥር ገብቶ ለጥቂት ጊዜ ይሰወርበታል። የሰዓት መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የገዛ ጥላቸውን በጫማ እየለኩ የጸሎቱን ጊዜ ይወስኑ ስለ ነበር፣ ጥላ ከወር ወር እንዴት እንደሚረዝምና እንደሚያጥር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ይህንም በማወቃቸው ጥላ የሰውየው የራሱ ገንዘብ እንዳልሆነ፣ ከላይ የሚመጣ ብርሃንና ከታች የቆመ አካል ሲገናኙ የሚገለጥ፣ ሲለያዩም የሚያልፍ ነገር መሆኑን ከማንም ይልቅ የተረዱት እነርሱ ነበሩ።

ይህ የቆየ ዕውቀት ለበረራ መለማመጃ ፕሮግራም የአውሮፕላን ምስል በሚሠራ ሰው ፊት ዛሬ እንደ ገና ጥያቄ ሆኖ ይቆማል። በኮምፒዩተር ውስጥ የሚበረው አውሮፕላን በብዙ ሺህ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች የተገጣጠመ ባዶ ቅርጽ ሲሆን፣ በዚያ ቅርጽ ላይ ቴክስቸር የሚሉት ጠፍጣፋ ሥዕል ይለበስበታል፤ የብረቱ ቀለም፣ የመስኮቱ ጠርዝ፣ የብሎኑ ራስ፣ ከሞተሩ የፈሰሰው የዘይት ምልክት ሁሉ ያለው በዚያ ሥዕል ላይ ነው። ብርሃን ከፀሐይ ወጥቶ ክንፍን ሲመታ፣ ከክንፍ ወደ አውሮፕላኑ ጎን ሲያንጸባርቅ፣ ከመሬትም ተመልሶ የሞተሩን ሆድ ከሥር ሲያበራ ያለውን ጉዞ በየቅጽበቱ ማስላት ለቀድሞዎቹ ማሽኖች ከዐቅም በላይ ስለ ነበረ፣ ሠሪው ይህን ሁሉ በብሌንደር ወይም በመሰለው መሣሪያ ጊዜ ወስዶ አስቀድሞ ያሰላውና ውጤቱን፣ ብሩሁንም ጨለማውንም፣ ከቀለሙ ጋር አንድ አድርጎ በቴክስቸሩ ላይ ያትመዋል። ባለሞያዎቹ ይህን ቤክ ማድረግ ይሉታል። ከዚያ በኋላ ደካማ የሆነ ማሽን እንኳ ሳይጨነቅ ብርሃን የለበሰ አውሮፕላን ያሳያል። ብሩስ አርትዊክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ለአፕል 2 ኮምፒዩተር ያዘጋጀው ፕሮግራም ምድርን በጥቂት መስመሮች ብቻ ይሥል እንደ ነበረ ለሚያስታውስና፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ ላይ የብዙ ሠሪዎች ትዕግሥት ያስገኘውን ውበት አይቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብልሃት እጅግ የሚደነቅ ነው፤ እኔም አደንቀዋለሁ።

ነገር ግን በአውሮፕላኑ ላይ የታተመው ብርሃን የአንድ ሰዓት ብርሃን ከሆነ፣ አውሮፕላኑ ፊቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ባዞረ ጊዜ ብርሃኑ አብሮት ይዞራል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በዝዋይ ሐይቅ ላይ ሲበር አንዱ ጎኑ የጠዋትን ወጋገን ይዞ ይታያል፤ ከደመና ሥር ቢገባም፣ ሌሊት ቢሆንበትም፣ ያ ወጋገን ከእርሱ አይለይም። ይህ በአውሮፕላን ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ የምድሩ ገጽ ከሳተላይት ፎቶግራፍ ሲወሰድ፣ ሳተላይቱ ባለፈበት ሰዓት ተራራውና ዛፉ የጣሉት ጥላ በምድሩ ሥዕል ላይ ታትሞ ስለሚቀር፣ ፕሮግራሙ ደግሞ የራሱን ፀሐይ አውጥቶ ሁለተኛ ጥላ በጣለ ጊዜ፣ አንዱ ነገር በሁለት ጥላ መካከል ቆሞ ሊታይ ይችላል፤ አንደኛው ጥላ የሆነውንና ያለፈውን፣ ሁለተኛው አሁን ያለውን ይናገራል፤ በአንድ ጉዳይ ላይ ቃላቸው ያልተስማማ ሁለት ምስክሮች ናቸው። እንግዲህ ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ከሥዕል ጥበብ ያልፋል፤ ፍጡር የተቀበለውን ብርሃን የራሱ ሊያደርገው ይችላልን? ቢያደርገውስ እውነት ይሆናልን?

የኦሪት ዘፍጥረትን ቅደም ተከተል ያስተዋለ ሁሉ እንደሚያውቀው ብርሃን የተፈጠረው በእሑድ ሲሆን፣ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት የተፈጠሩት በረቡዕ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለተጠራጣሪ መሳለቂያ፣ ለአማኝም አንዳንድ ጊዜ መጨነቂያ ሆኖ ሲነሣ እሰማለሁ፤ እኔ ግን በመጽሐፉ ካሉት ጥልቅ ምሥጢሮች አንዱ አድርጌ እቈጥረዋለሁ፤ ብርሃን ያለ ፀሐይ ሦስት ዕለት ከኖረ፣ ፀሐይ ራሷ የብርሃን ባለ ዐደራ እንጂ ባለቤት አይደለችምና። መጽሐፈ ሄኖክ፣ ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ ለዓለም የደረሰው ይህ መጽሐፍ፣ መልአኩ ዑርኤል ለሄኖክ የብርሃናትን ሥርዓት ባሳየበት ክፍል፣ ጨረቃ ብርሃኗ በልክ እየተሰጣት እንደምትሞላና እንደምትጎድል፣ በሞላችም ጊዜ የፀሐይን ብርሃን ሰባተኛ እጅ እንደምታክል ይተርካል፤ ቁጥሩን የዛሬው መለኪያ ባይቀበለውም፣ በትረካው ውስጥ ያለው ሐሳብ፣ ማለት ብርሃን ለፍጡር በልክ የሚሰጥ መሆኑ፣ በምንም መለኪያ የሚሻር አይደለም።

አባቶቻችን ይህን ሐሳብ «በባሕርይ» እና «በጸጋ» በሚሉ ሁለት ቃላት ለይተው ያዙት፤ በነዚሁ ቃላት ዙሪያ የተነሣው የሃይማኖት ክርክርም በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስኪቆረጥ ድረስ ቤተ መንግሥቱንና ገዳማቱን ለብዙ ዘመን አናውጧል። የዚያን ክርክር ዝርዝር እዚህ ልዘረዝር አልሻም፤ ለእኔ የሚበቃኝ ሁሉም ወገኖች ሳይከራከሩ የተቀበሉት መሠረት ነው፤ ይኸውም ብርሃን የባሕርዩ ገንዘብ የሆነ አንዱ ፈጣሪ ብቻ ሲሆን፣ መልአክም ቢሆን ጻድቅም ቢሆን፣ ፍጡር ሁሉ የሚያበራው በተሰጠው መጠን መሆኑ ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ መጥምቁን ከብርሃን ባለቤትነት ለይቶ በምስክርነት መዓርግ ያኖረው ክብሩን ለማሳነስ ሳይሆን፣ የፍጡር ከፍተኛ ክብር ምስክርነት መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። በዚህ መስፈርት ሲመዘን፣ የአንዲትን ቀትር ብርሃን በጎኑ አትሞ በየሰማዩ የሚዞር የአውሮፕላን ምስል ጸጋን ባሕርይ አድርጎ የሚናገር ምስል ነው፤ የተቀበለውን እንደ ራሱ ይዞታል፤ ከያዘው በኋላም ሌላ ብርሃን ቢመጣ በትክክል ለመቀበል አይችልም፤ ምክንያቱም አዲሱ ብርሃን በአሮጌው ላይ ሲደረብ እውነተኛው ቀለም ይጠፋል።

የታተመ ብርሃን ሁሉ ግን እንዲህ ያለ አይደለም። ከሠሪዎቹ ሥራ ሁሉ ልቤን አብዝቶ የሚስበው፣ ስለ እርሱም ጥቂት ዘርዘር አድርጌ ልናገርበት የምወደው፣ አምቢየንት ኦክሉዥን የሚሉት ስሌት ነው። በዚህ ስሌት ማሽኑ ፀሐይን ጨርሶ አይጠይቅም፤ በአውሮፕላኑ አካል ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ነጥብ ለብቻዋ ይዞ፣ ከእርስዋ ወደ ውጭ በየአቅጣጫው ብዙ ጨረሮችን ይልክና፣ ከነዚህ መካከል ስንቱ ሳይሰናከል ወደ ሰማይ እንደ ወጣ፣ ስንቱስ በገዛ አካሉ፣ በክንፉ ወይም በሞተሩ ወይም በጅራቱ፣ ተመትቶ እንደ ቀረ ይቈጥራል። ብዙው የወጣላት ነጥብ ብሩህ፣ ጥቂቱ የወጣላት ነጥብ ጨለማ ሆና ትጻፋለች። ስለዚህ በክንፍና በአካል መጋጠሚያ ያለው ስንጥቅ፣ መንኮራኩር የሚታጠፍበት ጉድጓድ፣ የሞተሩ አፍ ውስጠኛ ክፍል፣ እነዚህ ሁሉ የሚጨልሙት ሰማይን ማየት የሚችሉት በጥቂቱ ስለ ሆነ ነው። ይህ መጠን ወሩ ሰኔም ቢሆን ታኅሣሥ፣ አውሮፕላኑ ወደ ባቱም ቢዞር ወደ ሞጆ፣ ቅርጹ እስካለ ድረስ አይለወጥም፤ የመንኮራኩሩ በር ሲከፈት ወይም የክንፉ ጠርዝ ሲወርድ ብቻ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ የተለወጠው የአካሉ የራሱ ሁኔታ ነውና። እንግዲህ ይህ ጥላ ከሰዓት አልተበደረም፤ የአካሉ የራሱ ነው፤ ስለዚህ በአካሉ ላይ ቢታተም ሐሰት የለበትም።

እዚህ ላይ የማደንቀው የሠሪዎቹን ጥንቃቄ ነው። በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በወጣው የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ዘመን የጸናው የአሠራር ሥርዓት፣ ዋናው የቀለም ሥዕል ከማንኛውም ብርሃንና ጥላ ነጻ ሆኖ እንዲሠራ፣ የስንጥቁና የጉድጓዱ ጥላም ከቀለሙ ተለይቶ በራሱ ስፍራ እንዲቀመጥ ያዛል፤ ይህም ብቻ አይደለም፤ ያ ጥላ ከሰማይና ከአካባቢው ተበትኖ የሚመጣውን ብርሃን ብቻ እንዲቀንስ እንጂ በቀጥታ የምትመጣውን ፀሐይ እንዳይከለክል ይደረጋል። ፀሐይ በዝቅታ ገብታ ያን ጥልቅ ጉድጓድ ቀጥ ብላ ብታየው፣ ጉድጓዱ መብራት አለበት። ይህን ሥርዓት ያወጡት ሰዎች የሚሹት የምስሉን ትክክለኛነት እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ግን በሥራቸው ውስጥ የፍጡርን ትክክለኛ ሁኔታ ተጽፎ አነባለሁ፤ ለእያንዳንዱ ከሰማይ የሚያየው መጠን በቅርጹ ተወስኖለታል፤ ሆኖም ከዚያ መጠን በላይ በቀጥታ ሊጎበኘው የሚመጣ ብርሃን ቢኖር፣ ቅርጹ አይከለክለውም። በነፍስ ውስጥ ያለ ጥልቅ ስፍራ ሁሉ በኃጢአት ምክንያት የጨለመ አድርጎ መቍጠርም ስሕተት ይመስለኛል፤ ሌላው ቀርቶ በነዚህ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዙሪያ የሚኖረው የኦሮሞ ሕዝብ አረጋውያን በጸሎታቸው «ዋቃ ጉራቻ» ብለው ፈጣሪን በጥቁርነት ሲጠሩት ክብሩንና የማይመረመር ጥልቀቱን መናገራቸው ነው።

ከአውሮፕላኑ ጋር አብሮ ስለሚሄድ መብራትም አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ አውሮፕላኖች ጅራት ሥር የጅራቱን ቀለም ሌሊት የሚያበሩ መብራቶች ስላሉ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሌሊት ሲያርፍ አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀዩ በጨለማ ውስጥ ይለያሉ። አብሪውና የሚበራው በአንድ አካል ላይ አብረው ስለሚዞሩ፣ ሠሪው የዚያን መብራት አወራረድ አስቀድሞ ቢያትመው ያልተገባ ነገር አላደረገም፤ አብራሪው ማጥፊያውን ሲጫን እንዲጠፋ ግን በተለየ ሥዕል ላይ ያኖረዋል፤ እንዲህ ሲያደርግ የተሰጠ ነገር ሊወሰድ እንደሚችል በሥራው አምኗል።

አንድ አንባቢ ምናልባት፣ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ስንት መቶ ዓመት ብርሃንን በሥዕል ላይ ስታትም አልኖረችምን ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች፣ በየአጥቢያው መቅደስ ግድግዳ ላይ ያሉት ቅዱሳንም፣ መስኮቱ በየትኛውም ወገን ቢከፈት፣ ጠዋትም ቢሆን ማታ፣ ብርሃናቸው ያው ነው። የጎንደር ሥዓሊዎች በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፊትን በጥላ ማለስለስ በጀመሩ ጊዜ እንኳ፣ ያ ጥላ ከየትኛው መስኮት የመጣ ነው ብሎ የሚጠይቃቸው አልነበረም፤ ከመስኮት አልመጣምና። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይገኛል። ሥዓሊው ለቅዱሱ ፊት የሰጠው ብርሃን ከዚህ ዓለም ሰዓት ተቈርጦ የተወሰደ አይደለም፤ ወጥቶ የማይገባውን፣ ጠዋትና ማታ የሌለውን ብርሃን ለማመልከት የተሣለ ነው፤ በራሱ ላይ የሚዞረው አክሊለ ብርሃንም ብርሃኑ ከሌላ የተቀበለው መሆኑን በግልጥ የሚያሳውቅ ምልክት ነው። ሥዕሉን የሚያይ ምእመን ቅዱሱ በዚያ መልክ በዚያ ሰዓት ቆሞ ነበር ብሎ አያስብም፤ በሥዕሉ ሥርዓት መሠረት ሌላ ዓለም እንደሚያይ ያውቃል። የበረራ መለማመጃው ምስል ግን የሚናገረው ስለዚህ ዓለም ነው፤ ይህች ፀሐይ፣ ይህ ነፋስ፣ ይህ የማረፊያ ሜዳ ብሎ ነው። ስለዚህ በሥዕለ ቅዱሳን ላይ እውነት የሆነው ነገር በእርሱ ላይ ሐሰት ሊሆን ይችላል።

ምስል ስለዚህ ዓለም ሲናገር የሚሸከመው ኀላፊነት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የቢሾፍቱ አካባቢ ሰዎች የሚያውቁት በኀዘን ነው። ከስዊድን የመጡ አሠልጣኞች በካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ወጣቶች ካስተማሩበት ዘመን ጀምሮ የበረራ ትምህርት ከተማ በሆነችው በዚህች ከተማ አቅራቢያ፣ በጊምቢቹ ወረዳ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን በተነሣ በስድስተኛው ደቂቃ ወድቆ፣ በውስጡ የነበሩ 157 ሰዎች ሁሉ ሕይወታቸውን አጡ። አውሮፕላኑ ከአየሩ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለካው መሣሪያ ስለ አውሮፕላኑ አቋም የተሳሳተ ነገር ተናግሮ፣ ያን የሰማው የማሽን ሥርዓት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ምድር ገፋው። ቦይንግ ኩባንያ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ ለዚህ ዓይነት አውሮፕላን አብራሪዎች የሚለማመዱበት ሲሙሌተር በልዩ ልዩ የበረራ ሁኔታ ከእውነተኛው አውሮፕላን ጋር የሚስማማ እንዲሆን ፕሮግራሙን ማረሙን አስታወቀ። አደጋውን ያመጣው ሲሙሌተሩ ነው አልልም፤ እንዲህ ብሎ መናገር ሐሰት ነው። የምለው ይህ ብቻ ነው፤ የእውነት ምስል ነኝ ብሎ የሚቆም ነገር ሁሉ፣ የሰው ነፍስ ከጊዜ በኋላ በእርሱ ትምህርት ላይ ልትደገፍ ትችላለችና፣ የማያውቀውን እንደሚያውቅ፣ ያልተቀበለውን እንደ ተቀበለ፣ የተቀበለውንም የራሱ እንደ ሆነ አድርጎ ማሳየት አይገባውም። የታተመው ጥላ በአንድ ብሎን ራስ ላይ ያለ ቅንጣት ቢሆንም፣ የሚገዛው ሕግ ያው አንዱ ነው።

እነዚህን ሐሳቦች ሁሉ በአንድ ሥራ ላይ አውርጄ ስመለከታቸው ደግሞ፣ እስካሁን ያልተናገርሁት ሦስተኛ ዓይነት ብርሃን እንዳለ አገኛለሁ። በአገራችን መጀመሪያ የተሠራችውና በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን፣ ጀርመናዊው አብራሪ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ ሠርቷት በ1928 ዓ.ም. በረረች፤ በወረራው ጊዜ ወደ ጣልያን ተወስዳ በቪኛ ዲ ቫሌ በጣልያን አየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከኖረች በኋላ፣ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ወደ አገርዋ ተመለሰች። አንድ ወጣት ይህችን ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን በኮምፒዩተር ላይ ሊያስነሣት ቢሻ፣ ቀለሟን የሚያገኘው ከፎቶግራፍ ነው፤ በአዳራሽ ውስጥ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ግን የአዳራሹ መብራት ነጸብራቅ በክንፍዋና በጎኗ ላይ አለ። ያን ነጸብራቅ ሳይፍቅ ቢያትመው፣ በአዲስ አበባ ሰማይ የሚያበራት የባዕድ አገር አምፖል ይሆናል። ስለዚህ ልባም ሠሪ ሁሉ፣ የሚችል ቢሆን፣ ለቴክስቸር የሚሆነውን ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሰማዩ በደመና በተሸፈነ ቀን ነው፤ በክረምት የስምጥ ሸለቆው ሰማይ በደመና ሲዘጋ ብርሃን ከየወገኑ እኩል ስለሚመጣ፣ ነገሩ ሁሉ ያለ አድልዎ በራሱ ቀለም ይታያልና።

ነገር ግን በዚያች አውሮፕላን ላይ ሊፋቅ የማይገባው ምን ምን ነው? ብርሃን በአካል ላይ ብዙ ዓመት ሲወድቅ አካሉን ይለውጠዋል፤ ቀለምን ያደበዝዛል፣ ጨርቅን ያነጣል፣ ላይኛውን ከታችኛው ያለያየዋል፤ እንዲህ የደበዘዘ ቀለም ከእንግዲህ ፀሐይ ብትኖርም ባትኖር ከአካሉ ጋር ይኖራል። ይህ የተቀበለው ነገር የራሱ የሆነበት ነው፤ ሆኖም የነጠቀው አይደለም፤ በብርሃን ፊት ለረጅም ጊዜ በመቆሙ የደረሰበት ነው። ሙሴ ከሲና ተራራ ሲወርድ ፊቱ ያበራ ነበር፤ ማብራቱንም እርሱ አላወቀም፤ ብርሃኑ በፊቱ ላይ የቀረው ሊይዘው ስለ ፈለገ ሳይሆን ከሰጪው ጋር ብዙ በመነጋገሩ ነው፤ እስራኤልም ሊያዩት ስላልቻሉ መጋረጃ አደረገ። አባቶች በጸጋ ስለ መክበር ሲናገሩ ከዚህ የራቀ ነገር የሚናገሩ አይመስለኝም፤ ባሕርዩ ሳይለወጥ፣ ጸጋው ግን እስከ አካሉ ድረስ ዘልቆ የሚታይበት ፍጡር አለ። ስለዚህ «ፀሐይን» የሚሠራ ሰው የአዳራሹን አምፖል ነጸብራቅ ይፋቅ፤ የማንኛውንም ሰዓት ወጋገን በጎኗ ላይ አይጻፍ፤ የስንጥቋን ጥላ በስንጥቋ ውስጥ ያስቀምጥ፤ ዓመታት በላይዋ ላይ የተዉትን ድብዘዛና መላላጥ ግን፣ በነጻነት ከበረረችባቸው ጥቂት ሰዓታት የመጣውንም ሆነ በምርኮ ከኖረችባቸው ብዙ ዓመታት የመጣውን ሳይለይ፣ ሁሉንም በታማኝነት ያትመው፤ ይህ የእርስዋ ነውና።